ጎረቤት የሚያውቀውና መዝገብ የሚያውቀው

አንባቢ ሆይ፣ ከመካከላችን በክፍል ውስጥ ስም ያልጻፈ ወይም ስሙ ያልተጻፈበት ማን አለ? መምህሩ ለስብሰባ ይጠራሉ። ከመውጣታቸው በፊት የክፍል አለቃውን ጠርተው «የሚረብሽ ካለ ስሙን ጻፍልኝ» ይላሉ። አለቃው ከደብተሩ መሐል ወረቀት ይገነጥልና ሰሌዳው አጠገብ ይቆማል። ያወራ ይጻፋል፤ ደግሞ ያወራ በስሙ ጎን ኤክስ ይደረግበታል። ወዳጅ ይዘለላል፣ ማስቲካ የሰጠ ይሰረዝለታል፣ ትናንት በኳስ የተጣላ ግን ባይናገርም ይጻፋል። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጸጥታውን ወድደነው አልነበረም፤ ወረቀቱን ፈርተን ነው።

አንድ ቀን፣ ስሙን በማንጠራው ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ሳለን፣ አለቃችን የነበረው ልጅ ባዶ ወረቀት አስረከበ። «ማንም አልረበሸም?» ተባለ። «እኔ አላየሁም» አለ። ጫጫታው እስከ ግቢው በር ይሰማ ስለነበረ ውሸቱ ግልጽ ነው። በሁላችን ፋንታ እሱ ተገረፈ። እኛ ከሃምሳ በላይ ነበርን። «የረበሽኩት እኔ ነኝ» ብሎ የተነሣ አንድም ሰው አልነበረም።

ይህን የልጅነት ወሬ ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። ዛሬ ልናነሣ ያሰብነው ጥያቄ ከዚያች ወረቀት ስለማይርቅ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ መንግሥት ስለ እኛ ምን ያህል ማወቅ ይገባዋል? የሰው ልጅ ሳይታይ የመኖር መብት አለው ወይስ የለውም? አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ ሲነሣ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው «የሚደብቀው የሌለው ምን ያስፈራዋል?» ይላሉ። መልሱ ቀላል ቢሆን ኖሮ ስቴንስልና ቀለም ባላባከንን ነበር። ስለዚህ ቁጭ ብለን እንየው። ሩቅም አንሄድም፤ ከዚሁ ከጭላሎ ሥር፣ ከአሰላና ከአርሲ ደጋ እንነሣለን። (ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ በክፋት እንዳልተጀመረ መጀመሪያ መቀበል ያስፈልጋል። የአርሲ ጭሰኛ የመሬት ከበርቴውን ቀንበር የተሸከመ ሰው ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው ካዱ፣ ማለትም የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ መቀመጫውን አሰላ አድርጎ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ። ስንዴው በዛ። ስንዴው ሲበዛ ግን ባለመሬቱ ትራክተር ገዛና ጭሰኛውን ከእርሻው አስነሣው። ልማቱ የታሰበለት ሰው በልማቱ ተባረረ ማለት ነው። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት ለሕዝብ ሲታወጅ የአርሲ ገበሬ የደስታ እንባ ቢያነባ ማን ይፈርድበታል? በአዋጁ መሠረት በ800 ሄክታር መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ የገበሬው ነበር፤ ሊቀመንበሩም ከገበሬው መካከል የተመረጠ ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? ማኅበሩ መሬት ለመደልደል ማን ስንት ልጅ እንዳለው ማወቅ ነበረበት። ትክክል ነው፤ ሳያውቅ እንዴት ይደልድል? ቀጥሎ ግብር ሰብሳቢ ሆነ። ቀጥሎ ፍርድ ሸንጎ፣ ቀጥሎ የጥበቃ ጓድ። ከ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በኋላ ደግሞ ለጦር ሜዳ ልጅ የሚመለምለው እሱው ሆነ። ለመሬት ድልድል የተጻፈው የልጆች ቁጥር ለምልመላም አገለገለ። መዝገቡ አልተለወጠም፤ የሚያነበው ዐይን ነው የተለወጠው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። «የሚደብቀው የሌለው ምን ያስፈራዋል» ለሚለው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፦ ዛሬ ለመሬት ብሎ የልጁን ስም በደስታ ያስመዘገበ አባት የሚደብቀው አንዳች ነገር አልነበረውም። የሚደበቅ ነገር መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ሰውየው ሳይሆን ነገ ወረቀቱን የሚይዘው ሰው ነው።

ከዚያ መንደር ምሥረታው መጣ። በአርሲ ደጋ ዘመቻው የተጧጧፈው በ1978 ነው። ያገራችን ገበሬ ቤት በየጉብታው ተበታትኖ የተሠራ ነበር። ጓሮው ገብሱን፣ ደጁ የከብት በረቱን ይዞ፣ ከጎረቤት ጥሪ በሚሰማበት ርቀት ላይ። ይህ ሁሉ ፈርሶ ሰው በገመድ በተለካ መስመር፣ ቤት ከቤት ትይዩ እንዲሰፍር ተደረገ። ምክንያቱ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የቧንቧ ውኃና ወፍጮ ለማዳረስ የሚል ነበር፤ በአንዳንድ ቦታ የተፈጸመም አለ። እውነት እንናገር ከተባለ ለተበተነ ሕዝብ አገልግሎት ማድረስ አስቸጋሪ ነው።

ከመካከላችን የአንዱ አያት፣ አኮ እያልን የምንጠራቸው፣ ያን ጊዜ ልጅ አዝለው ከጉብታቸው የወረዱ ናቸው። ባለፈው ክረምት ምድጃ ዙሪያ ቁጭ ብለን ስንጠይቃቸው እንዲህ አሉን፦ «ላይ ቤት ሳለን እንግዳ ሲመጣ ውሻው ይነግረን ነበር። መንደር ከገባን በኋላ ግን እንግዳ መምጣቱን እኛ ሳንሰማ ሊቀመንበሩ ይሰማ ነበር።» ቀጠሉና «ውኃው ቀርቦን ነበር፤ አልዋሽም» አሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ልብ በሉልን። አኮ መንደሩን የሚያሙት በጭፍን አይደለም። ውኃው ቀርቦ ነበር። ብቻ ከውኃው ጋር የሊቀመንበሩም ጆሮ አብሮ ቀረበ። በ1982 መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ባወጀ ጊዜ በብዙ ቦታ ገበሬው የቤቱን ጣራና ምሰሶ ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ጉብታው ተመለሰ። «ሂድ» ያለው ካድሬ አልነበረም። የተመለሰው ለከብቱ፣ ለማሳው፣ ለጓሮውም ብሎ ነው። ከዚያ ሁሉ ጋር ግን በቤትና በቤት መካከል የነበረችውንም ርቀት ፈልጎ እንደሆነ አኮን ሰምተን አምነናል። ያቺ ርቀት የገበሬው ነፃነት ነበረች፤ ስም ያልወጣላት ነፃነት።

ከተማውስ? የሐምሌ 1967ቱ አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ቀበሌን አቋቋመ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት በቀበሌ እጅ ገባ። ቀበሌው ዘይትና ሳሙና በካርድ ያድላል፤ መታወቂያ ይሰጣል፤ ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለመንገድ የሚሆን ደብዳቤ ይጽፋል። ለሳሙና የተጻፈው የቤተሰብ ዝርዝር በመጋቢት 1969 በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ምን እንዳገለገለ ታላላቆቻችን ያውቁታል። በመዝገቡ ላይ አምስት ተብሎ ቤት ውስጥ ስድስት የተገኘ እንደሆነ ስድስተኛው ማነው? ከአክስቱ ጋር ሊያድር የመጣ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ሊያረዳ የመጣ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ግን መዝገቡ አያውቀውም፤ መዝገቡ የማያውቀው ሰው ደግሞ ጠላት ነው። ሰው እንግዳ መቀበል ፈራ። እንግዳ ተቀባይ ነን እያልን የምንኩራራ ሕዝብ የራሳችንን የእኅት ልጅ «ማታ ማታ ባትመጣ» ማለት ጀመርን። ቀይ ሽብር የገደላቸውን እንቆጥራለን፤ መቁጠርም ይገባናል። በሕይወት በተረፈው ላይ ያደረሰውን ግን ማን ቆጠረው?

አንድ የሚገርም ነገር ደግሞ አለ። ደርግ ወድቆ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ምርመራ ሲጀምር ትልቁ ማስረጃ የተገኘው ከደርግ ከራሱ መሥሪያ ቤቶች ነው። ትእዛዝ፣ ማኅተም፣ ፊርማ፣ «እርምጃ ተወስዶበታል» የሚል ቃለ ጉባኤ። በ1999 የዘር ማጥፋት ፍርድ ሲሰጥ የመሰከረው ያው መዝገብ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የብቅል ፋብሪካ ያለባት የአሰላ ሰው ይህን ተረት ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል። መዝገብም እንደ ብቅሉ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ የጸሐፊውንም ሆድ ያወጣል።

ከ1983 በኋላ ይህ ሁሉ ቀረ ብለን ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት፣ የመኖሪያ ቤት፣ የደብዳቤና የስልክ መልእክት አይደፈርም ይላል። ለማወቅ ያህል፣ አዲስ ነገርም አልነበረም። የ1923ቱ የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት እንኳ ቤት ያለ ሕግ እንዳይበረበርና የሰው ደብዳቤ እንዳይከፈት ጽፎ ነበር። የ1948ቱም፣ የደርጉ የ1979ም እንደዚሁ። አራት ጊዜ ጻፍነው። አራቱም ላይ «ሕግ ካልፈቀደ በቀር» የሚል በር ተትቶ ነበር፤ በዚያ በር ማን ስንት ጊዜ እንደገባ መቁጠር ያስቸግራል።

ከ1997 ምርጫ በኋላ ባሉት ዓመታት አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ተዘረጋ። ለጤና፣ ለእርሻ፣ ለጥናት ተብሎ አንዱ አምስቱን እንዲመራ ነው። እናቶች በጤና ጣቢያ እንዲወልዱ በመቀስቀስ በኩል የሠራውን በጎ ሥራ አንክድም። ግን ያው የክፍል አለቃ ነው፤ ማን ስብሰባ ቀረ፣ ማን አጉረመረመ ብሎ መጻፍ ሲመጣ ማዳበሪያ ለማግኘት የሄደ ገበሬ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስብሰባ ለምን ቀረህ» ሆነ። በ2001 የፀረ ሽብር አዋጅ ወጣ። ስልክና ኢንተርኔቱ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛ ድርጅት ፈቃድ ያገኘው በ2013 ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ባወጣው ዘገባ ታስረው የተመረመሩ ሰዎች የራሳቸው የስልክ ንግግር ተቀድቶ እንደተሰማባቸው ገለጸ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ከቀረቡባቸው ነጥቦች አንዱ መልእክትን በምስጢር የመላላክ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ክሱ በከፊሎቹ ላይ በ2007 ተቋረጠ፤ የቀሩትንም ፍርድ ቤቱ በ2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ግን አስቡት እስቲ! ደብዳቤውን በፖስታ ማሸግ የወንጀል ምልክት የሆነበት ዘመን ነበር።

አገር ጥሎ የሄደውም አልተረፈ። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ለደኅንነቱ ሲል በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም የተጠራ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የስለላ ፕሮግራም ተገኘና የኢትዮጵያን መንግሥት በ2006 ከሰሰ። የዋሺንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2009 ክሱን ዘጋው፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት ሊከሰስበት አይችልም ብሎ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ! ይህ ተረት ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝኛ ይናገራል ብሎ ማን ጠብቆ ነበር?

ውጤቱን ለማየት ግን ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ከቤት ስንደውል የምንሰማውን ቃል እናስታውስ። «እንዴት ናችሁ?» «ደህና። ሁሉ ሰላም ነው።» «ምን ተፈጠረ የሚባለው?» «ተወው፣ ስልክ ላይ አይወራም። ስትመጣ እነግርሃለሁ።» ይህችን ዐረፍተ ነገር ከእናቱ ያልሰማ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። እናቶቻችን የሚደብቁት ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ምንም። የጎረቤት ልጅ መታመሙን፣ የስንዴ ዋጋ መውረዱን፣ እገሌ መታሰሩን። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ለእህል እውነት ይሆን ይሆናል፤ በልብ ውስጥ የተከማቸ ዝምታ ግን ይነቅዛል፣ ሻጋታም ያወጣል። በመስከረም 28 ቀን 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት፣ ሁለት እጅን ከራስ በላይ ማጣመር ሲከለከል ይህ ዝምታ ሕግ ሆነ። ሰው ሳሎኑ ውስጥ ምን እንደሚያይ መንግሥት ጠየቀ ማለት ነው።

አሁን ተቃዋሚያችንን በሚገባ እናናግር፤ ዝም ብሎ ማለፍ ፈሪነት ነው። «አገሪቱን አታዩም ወይ? መንግሥት ባይከታተል ተበላልተን አልነበረም?» ይለናል። ከባድ ነገር ነው፤ በተለይ ለአርሲ ሰው። በሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በቀጠሉት ቀናት በኦሮሚያ ብዙ ቦታዎች፣ በአርሲም ጭምር፣ ሰው ተገደለ፣ ቤትና ሱቅ ተቃጠለ። ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ዘገባ የሞቱትን 123 ብሎ ቆጥሯል። በመንጋ የተገደሉ አሉ፤ በጸጥታ ኃይል ጥይት የተገደሉም አሉ። ዘገባው ሌላም ነገር ይዟል፦ ሰዎች ለአካባቢው ባለሥልጣናትና ለጸጥታ ኃይሎች ደጋግመው እየደወሉ ሲጣሩ «ከበላይ ትእዛዝ አልመጣም» የተባሉበት ቦታ ነበር።

ይህን ስናነብ ወረቀቱ ከእጃችን ወደቀ። የማን ስልክ ምን እንዳወራ ያውቅ የነበረው ያው መንግሥት፣ ሰው ቤቱ ሊቃጠልበት በራሱ ስልክ ሲጣራ አልመጣም። እንግዲህ ማወቅና መጠበቅ አንድ አይደሉም። ክትትሉ የተሠራው ለማን ነው የሚለው ጥያቄ በዚህች አንዲት ነገር ይፈተናል፦ የሚያየን ዐይን ስንጠራው የሚመጣ እግር አለው ወይ? እግር የሌለው ዐይን የሚጠብቀው እኛን ሳይሆን ራሱን ነው።

ሌላው ተቃውሞ «የግል ሕይወት የምትሉት የፈረንጅ ሐሳብ ነው፤ እኛ ተጠያይቀን፣ ተዛዝነን የምንኖር ነን» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። ቡና ተጠራርተን የምንጠጣ ሰዎች ነን፤ ጎረቤት የድስታችንን ሽታ ያውቃል። ግን የጎረቤት እውቀትና የመዝገብ እውቀት አንድ አይደሉም። ልዩነቱን በሦስት እንየው። አንደኛ፣ ጎረቤት ያውቀናል፣ እኛም እናውቀዋለን፤ መዝገብ ግን ያየናል እንጂ አናየውም። ሁለተኛ፣ ጎረቤት ይረሳል፣ ይቅርም ይላል፤ መዝገብ አይረሳም። ሦስተኛ፣ ሐሜቱን ያወራው ጎረቤት ስናዝን ድንኳን ይተክላል፤ መዝገብ ለቅሶ አይደርስም። ጎረቤትን መልአክ ማድረጋችን አይደለም። በጥንቱ አውጫጭኝ ላይ ያገር ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ እንዳይበተን ሲደረግ ግፍ ይሠራ ነበር። ቢያንስ ግን በፀሐይ ነበር፤ ማን ምን እንዳለ ሁሉም ይሰማ ነበር።

ደግሞስ ሥልጣን ወሰን አለው የሚለው ሐሳብ ለአርሲ እንግዳ ነው እንዴ? የአርሲ ሴት ስትዳር የምትቀበለውን የስንቄ በትር እናውቃለን። ባል እጁን ሲያነሣባት ስንቄዋን ይዛ ትወጣለች፤ የሰፈሩ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው ይከተሏታል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ በደለኛው ካሣ እስኪከፍል አይመለሱም። ይህን ሥርዓት ያወጣ ሕዝብ አንድ ነገር ገብቶታል፤ የቤቱ ጌታ እንኳ የማያልፈው መስመር አለ። ባልን የሚያቆም በትር ካለን ቀበሌን የሚያቆም በትር ስለምን አይኖረን?

ዛሬ ያለንበትን አንርሳ። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በ2015 በአዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ ሆኗል፤ የዐሥር ጣት አሻራ፣ የዐይን ብሌንና የፊት ምስል ይወስዳል። በጅምላ አንቃወመውም። መታወቂያ አጥቶ ከባንክ በር የተመለሰ የገጠር ሰው ቢጠቀም ደስ ይለናል። በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል፤ ይህም በጎ ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ እሱም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ከአኮ መንደር የተማርነውን መጠየቅ አለብን። ለምን ጉዳይ ተመዘገበ? ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል ማን ይከለክላል? የእኔን መዝገብ ማን እንደከፈተ እኔ ማየት እችላለሁ ወይ? ሲበደልብኝ የምከስሰው ማንን ነው? ውኃው ይቅረብ፤ ጆሮው ግን ከውኃው ጋር ተለጥፎ እንዳይመጣ።

ስለ መንግሥት ብዙ አልን። ስለ ራሳችንስ? ጆሮ ጠቢ ከሰማይ አይወርድም፤ ከእኛው ዶርም፣ ከእኛው መኝታ ነው የሚወጣው። የጓደኛውን የቴሌግራም ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ የሚያስተላልፍ፣ ተጣልቶ በብሔሩ ወይም በአስተሳሰቡ የሚጠቁም፣ «ቀልድ ነው» ብሎ የሰው ድምፅ የሚቀዳ አለ። መንግሥት ሁሉ፣ ንጉሣዊም ይሁን አብዮታዊ ወይም ዴሞክራሲያዊ ነኝ ባይ፣ ወረቀት እንጂ እጅ የለውም። እጁ እኛ ነን። ስለዚህ የነፃነት ጥያቄ ከአዋጅ በፊት የሚጀምረው «ጻፍ» በተባልን ጊዜ በምናደርገው ነገር ነው።

ያን የአምስተኛ ክፍል አለቃ ከዚያ ወዲህ አላገኘነውም። እንደ ጀግና ልንስለው አንፈልግም፤ ምናልባት መጻፍ ሰልችቶት ይሆናል። የሚቆጠቁጠን ግን የእሱ ዝምታ አይደለም፤ የእኛ ነው። እሱ ስማችንን አልሰጠም፤ እኛ ግን ጀርባውን ሰጠን። ከሃምሳው አሥሩ «እኔም ነኝ» ብሎ ቢነሣ መምህሩ ምን ያደርጉ ነበር? እስከ ዛሬ መልሱን አናውቅም፤ አልሞከርነውማ።

በዚህ የማይስማማ ጓደኛ ካለ ብዕሩን ያንሣ። ለሚቀጥለው እትም ቦታ አለን። ስሙን መጻፍ አይገደድም።